ያለ ቦታዋ የገባች ፊደል

ሥራ የጀመረችው ብርጭቆ በማጠብ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ክፍል ምድር ቤት ውስጥ ሁለት የብረት ገንዳና አንድ የእንፋሎት ምድጃ ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። ከላይ ከቤተ ሙከራዎቹ የሚወርደው ጠርሙስ፣ ቱቦና መስታወት ሁሉ እዚያ ታጥቦ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ ተለቅልቆ፣ ደርቆ ይመለሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ስላልመጣላት፣ «ተማሪ ሆኜ ያልገባሁበትን ግቢ አጣቢ ሆኜ ገባሁበት» እያለች በራሷ ትቀልዳለች። ከዚህች ቀልድ በቀር ብዙ አትናገርም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለሷ የተተረተ ይመስላል። እጇ ግን አያርፍም፤ ዓይኗም የሚስተው ነገር የለም። ከአንድ ሺህ ቱቦ መካከል ጠርዙ የተሸረፈውን ሳትነካው ለይታ ታወጣዋለች።

ሦስተኛ ዓመቷን በያዘች ጊዜ አንድ ቀን ያጠበቻቸውን ትልልቅ መስታወቶች አቅፋ ወደ ላይ ወጣች። የክፍሉ ፕሮፌሰር ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው አንድ ፊልም እያነበቡ ነበር። ኤክስሬይ የሚነሣበት ዓይነት ፊልም ነው። ላዩ ላይ በአራት ተርታ የተደረደሩ ጥቋቁር ሰረዞች አሉ፤ አንዱ ተርታ ለኤ፣ አንዱ ለሲ፣ አንዱ ለጂ፣ አንዱ ለቲ። ከታች ወደ ላይ ሰረዝ በሰረዝ እየወጡ ሲያነቡት የአንድ ጂን ጽሑፍ ይገኛል። ፕሮፌሰሩ ይጠራሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ተማሪ ይጽፋል። እሷ መስታወቱን የት ላስቀምጠው ብላ ለመጠየቅ ጥሪው እስኪያልቅ ቆማ ስትጠብቅ ዓይኗ ሰረዞቹን ተከትሎ ወጣ።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለች። «እዚህ ጋ ሁለት ናቸው።»

ተማሪው ቀና ብሎ አያት። ፕሮፌሰሩ ግን ጣታቸውን ሳያነሡ፣ «የቱ ጋ?» አሏት።

«አሁን ጂ ያሏት። አንድ ላይ ተጣብቀው ነው እንጂ ሁለት ናቸው። ከሌሎቹ ወፈር ትላለች።»

ፕሮፌሰሩ አጉሊ መነጽር አምጥተው አዩ። ሥራውን እንደ ገና አሠርተው፣ ከአራት ቀን በኋላ አዲሱን ፊልም ይዘው ራሳቸው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። እሷ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነበር።

«ፊደል ቆጥሬአለሁ የሚል ሰው እዚህ ግቢ ሞልቷል» አሉ። «ቆጥሮ የማይሳሳት ግን ገና አሁን አገኘሁ። ከነገ ጀምሮ ወደ ላይ ትወጫለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ፊደል ቆጣሪዋ» ሆነ፤ ውሎ አድሮ አጠረና «ቆጣሪዋ» ብቻ ሆኖ ቀረ። የበር ጥበቃዎቹ ጠዋት ስትገባ፣ «ቆጣሪዋ መጣች፣ መብራት አጥፉ» ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ ሳይሰለቻቸው። እሷም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ፈገግ እያለች ታልፋለች።

ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የሰጡት የኒውክለስ ትናንሽ አር ኤን ኤ ለሚባሉት ጂኖች ነበር። ላይ በወጣች በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሆኑ አስረዷት። «የጂን መልእክት ሲገለበጥ በመሃል በመሃሉ የማያስፈልግ ዝባዝንኬ ይገባበታል» አሏት። «ዝባዝንኬው ተቆርጦ ካልወጣና ደህናው ጫፍ ለጫፍ ካልተጋጠመ መልእክቱ ትርጉም የለውም። ቆርጠው የሚያጋጥሙት እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው። ሌላው ጂን ፕሮቲን ይሠራበታል። እነሱ ግን ራሳቸው ናቸው ሠራተኞቹ። ዩ ይባላሉ፣ በቁጥር ይለያሉ። አራተኛዋን ብትወስጂ መቶ አርባ ምናምን ፊደል ናት፤ አንድ ገጽ አትሞላም። ግን ያለ እሷ ሰውም እርሾም አይኖርም።»

«እርሾ የዳቦ?»

«የዳቦ።»

ይህን ጊዜ ከግቢው በር ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ጋር ታጭታ ነበር። በሳምንቱ ከእጮኛዋ እርሾ በጠርሙስ ተቀብላ መጣች፤ በእጇ አጣርታ፣ አብዝታ፣ ፊልም ላይ አውጥታ ያነበበችው የመጀመሪያው ጂን የዚያ እርሾ ነበር። ማታ ስትነግረው ጋጋሪው ግራ ገባው።

«ይኸ እርሾና አንቺ አንድ ጽሑፍ አላችሁ ነው የምትይኝ?»

«መሃል መሃሉ ላይ አንድ ነን። ዳር ዳሩ ላይ እንለያያለን።»

«ጠርጥሬ ነበር» አላት። «ሁለታችሁም ትንሽ ሞቅ ሲላችሁ ኩፍ ትላላችሁ።»

ከእርሾው ቀጥሎ ሥጋ ቤት ሄዳ የላምና የዶሮ ጉበት አመጣች። ከግቢው ፍሳሽ ቦይ እንቁራሪት ያዘች። ዝንብ፣ ባቄላ፣ ቀንድ አውጣ፣ ከኩሬ የተቀዳ ዓይነቱ ያልታወቀ ነገር ሳይቀር። የእያንዳንዱን ፊደል ካሬ በተሰመረበት ወረቀት ላይ አንድ ካሬ አንድ ፊደል እያደረገች ጻፈች፤ ወረቀቱን ጫፍ ለጫፍ ለጥፋ፣ የአንዱን ፍጥረት ከሌላው ሥር አሰልፋ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነውን ዓምድ በቀይ እርሳስ ታሰምርበታለች። አንዳንዱ ሰፈር በሙሉ ቀይ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ፍጥረት በጨመረች ቁጥር አንዳንድ ቀይ መሥመር ይነሣል፤ ያልተነሣው ግን ምን ጊዜም አይነሣም። እንዲህ እያለች ሰላሳ ፍጥረት ስታልፍ ጽሑፉን ሳታይ ትለው ነበር። ጋጋሪው፣ «ተኝታ ኤ፣ ጂ፣ ሲ ትላለች» ብሎ ለደንበኛው ሁሉ አወራባት።

ላይ በወጣች በስድስተኛው ዓመት ፕሮፌሰሩን እጃቸውን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻቸው። እንዲህ ያለ ድፍረት አድርጋ አታውቅም።

«እዚህ እንቁራሪቱ ላይ ጂ ናት። ወዲያ ማዶ ሃያ ፊደል ዘሎ ያለችው ሲ ናት» አለች። «ባቄላው ላይ ይቺ ኤ ሆነች። ያቺም አልተቀመጠችም፣ ቲ ሆነች። ዝንቡም ላይ እንዲሁ። እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ አገር ሲቀይር ሌላው ይከተላል። አለበለዚያ ቤቱ ይፈርሳል።»

ጂ ከሲ ጋር፣ ኤ ከቲ ጋር ስለሚጣመሩ፣ ጥምሩ እስከጸና ድረስ ፊደሉ ቢለወጥም ቅርጹ አይለወጥም። ነገሩ በሌሎች ጂኖች ላይ ታይቶ በመጻሕፍት ተጽፏል። እሷ ግን መጻሕፍቱን አላየችም፤ ከግድግዳው ላይ በዓይኗ ለቅማ ነው ያገኘችው። ፕሮፌሰሩ ሁለቱን ዓምዶች በጣታቸው እስከ ታች ተከተሉ። ከዚያ፣ «ይኸን አንቺ ትጽፊዋለሽ» አሉ። አልችልም ብላ ስትሸሽ ራሳቸው ጽፈው ስሟን ከስማቸው አጠገብ አስገቡ። ጋጋሪው የታተመውን ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ በመስታወት አስገብቶ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው፤ ደንበኞች ብዙ ዘመን የንግድ ፈቃድ ይመስላቸው ነበር።

ከሁሉ ያደከማት ሥራ የሰው ጂን ነው። ሰው ውስጥ እነዚህ ትናንሽ ጂኖች እውነተኞቹ ጥቂት ሆነው ሳለ፣ በየቦታው የተበታተኑ በመቶ የሚቆጠሩ ሐሰተኛ ቅጂዎች አሏቸው። መልካቸው ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል፤ ሥራ ግን የላቸውም። ማን እውነተኛ ማን አስመሳይ እንደሆነ ለመለየት አራት ዓመት ፈጀባት። በመጨረሻ ዘዴው ተገለጠላት፦ ጂኑን ራሱን ሳይሆን ጎረቤቱን ማየት። ከእውነተኛው ፊት ለፊት «እዚህ አንብብ» የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ሰፈር አለ፤ ከአስመሳዩ ፊት የለም። «ሰውን ከነቤቱ ካላዩት አያውቁትም» ትላቸው ነበር ለተማሪዎች።

ፕሮፌሰሩ ሽማግሌ ሆኑ፣ ጡረታ ወጡ፣ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። እሷ ሐዘን ተቀምጣ ስትመለስ አዲስ ኃላፊ ተሹሞ አገኘች። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፒያኖ ተጫዋች ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጊዜ የሌለው ሰው ነበር። ኮሪደሩ ቀለም ይቀባ ብሎ አዘዘና የወረቀቱ ሰልፍ ወረደ። እሷ በዓመታት የደረሰችበትን አርባ አንድ ፍጥረት ኮምፒውተሩ በሁለት ደቂቃ ሰባት መቶ አደረገው። ቀያዮቹ መሥመሮች ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም፤ ያንን ግን ከእሷ በቀር ያስተዋለ የለም። የሆዷን በሆዷ ይዛ ወረቀቱን ጠቅልላ መጋዘን አስቀመጠችና ቱቦ ላይ ቁጥር መለጠፍ፣ ለቤተ ሙከራው ኬሚካል ማዘዝ፣ ተማሪ ማለማመድ ያዘች። እንዲህ እንዳለች ለጡረታዋ ስድስት ሳምንት ቀረ።

በዚያ ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ አንዲት የሕፃናት ሐኪም መጣች። ከትልቁ ሆስፒታል ናት፤ ኃላፊውን ልታማክር ብዙ ገጽ ወረቀት ይዛለች። ቆጣሪዋ በዚያው ክፍል ጥግ ላይ ቱቦ ላይ ቁጥር ትለጥፍ ነበር።

«አንዲት ታካሚ አለችኝ፣ ሰባት ዓመቷ ነው» አለች ሐኪሟ። «አትናገርም። በአራት ዓመቷ ነው የቆመችው። ያንቀጠቅጣታል። ያልመረመርነው ነገር የለም። ሙሉ የጂን ንባብ ተሠራላት፤ ፕሮቲን የሚሠሩት ሁሉ ደህና ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እሱንም መሣሪያው አያስተማምንም ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ዩ አራት ላይ አንድ ፊደል ተጨምሯል።»

ኃላፊው ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰላት። «እሱን ተዪው። የዚያ ጂን ሐሰተኛ ቅጂ እንደ አሸዋ ነው። መሣሪያው ካንዱ አስመሳይ ላይ ያነበበውን እዚህ ለጥፎብሽ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት እንዳትለቅሚ።»

«ስንተኛዋ ላይ ነው የተጨመረው?» የሚል ድምፅ ከጥጉ መጣ።

ሁለቱም ዞሩ። «ከስልሳ አራተኛዋ ቀጥሎ» አለች ሐኪሟ። «ቲ።»

ቆጣሪዋ የያዘችውን ቱቦ መደርደሪያው ላይ መለሰች። «እዚያ ማንም ገብቶ አያውቅም» አለች።

«ማን?»

«ማንም። እዚያ ሰፈር ላይ አራተኛዋ ዩ ከስድስተኛዋ ዩ ጋር ትያያዛለች፤ ስድስተኛዋን ለሥራ እስክትፈለግ አጥብቃ የምትይዛት በዚያ በኩል ነው። ስንት ፍጥረት አንብቤ እዚያ ቦታ ላይ ፊደል የጨመረ አላየሁም። ካንዱ አስመሳይ ላይ ቢሆን እሺ፤ አስመሳይ የፈለገውን ይሁን። ከእውነተኛዋ ላይ ከሆነ ግን ልጅቷን ያመማት እሱ ነው።»

ኃላፊው ክንዱን አጣጥፎ ትንሽ አሰበ። «ከእውነተኛዋ መሆኑን ማሳየት ይችላሉ?»

«ደሙ ይምጣልኝ። የእሷ፣ የናቷ፣ የአባቷ።»

«እሺ» አለ። «ይታይ።»

ደሙ በሦስተኛው ቀን መጣ። የመጀመሪያው ሙከራ ውሃ በላው። አንድ ጥርት ያለ ነገር ማግኘት ሲገባት የተዘባረቀ፣ እላይ በላይ የተደራረበ ነገር ወጣ፤ ሐሰተኞቹ ተግተልትለው አብረው መጥተዋል። ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዳ ከዱቄት ጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። ባሏ ፊቷን አየ። ሊጥ እየከፋፈለ፣ «ጡረታሽን በሰላም አትወጪም ነበር?» አላት።

«ልጅቷ ሰባት ዓመት ሙሉ ምክንያት አጥታ።»

«ምክንያቱ ቢታወቅ ትናገራለች?»

«አትናገርም መሰለኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ» አለች። ጆንያው ላይ በጣቷ መሥመር እያሰመረች፣ «ራቅ ማለት ነበረብኝ» አለች፣ ለራሷ። «ወደ ቤቱ በጣም ተጠጋሁ። መንገዱ ዳር ድረስ ራቅ ማለት ነበረብኝ።»

ባሏ ምን እንደምትል አልገባውም፤ የተነሣችበትን ወንበር ግን ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ጠበቀላት፣ ያቀረበላት ምሳ ሳይነካ ቀርቶ ነበርና። አልተመለሰችም። የጂኑን መነሻና መድረሻ ይዘው መሃሉን እንዲያባዙ አስባ ያዘዘቻቸውን አጫጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጮች ጣለችና፣ ግራና ቀኙን ርቀው ከእውነተኛው ጂን ሰፈር በቀር ሌላ የትም የማይገኝ ጽሑፍ ላይ የሚያርፉ አዲስ ቁራጮች አዘዘች። እስኪመጡ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሲመጡ ሥራውን ለተማሪ አልሰጠችም፤ እያንዳንዷን ጠብታ በእጇ ለካች። ከሦስቱም ሰዎች አንድ አንድ፣ ጥርት ያለ፣ ብቸኛ ሰረዝ ወጣ። እውነተኛዋን ከነቤቷ ይዛታለች።

ንባቡ የሚሠራው አሁን በመሣሪያ ነው፤ ፊልም ቀርቷል። መሣሪያው ፊደሎቹን በአራት ቀለም እየተነሡ የሚወድቁ ጉብታዎች አድርጎ ይሥላል፣ ከሥሩም ፊደሉን ራሱ ይጽፋል። የናትየው ደህና ነው፤ የአባትየውም ደህና ነው። የልጅቷ ግን እስከ ስልሳ አራተኛዋ ፊደል ድረስ እንደ መስታወት ጠርቶ መጣና ከዚያ በኋላ ጉብታው ሁሉ እርስ በርሱ ተደበላለቀ። መሣሪያውም ከዚያ ወዲያ ያለውን «አልተነበበም» ብሎ ተወው።

ኃላፊው ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ አየ። «ቆሽሿል» አለ። «ያሳዝናል።»

«ቆሻሻማ ቢሆን ከመጀመሪያው ይቆሽሽ ነበር» አለች። «ተቀመጥ፣ ላሳይህ።» ሳታስበው አንተ ብላዋለች። እሱም ሳያስበው ተቀመጠ።

ሥዕሉን በወረቀት አወጣችና እርሳስ ያዘች። «ሰው እያንዳንዱን ጂን ሁለት ሁለት ነው የሚይዘው፤ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ። መሣሪያው ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያነባቸው። አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ ጉብታ ታያለህ። አንደኛው ላይ አንድ ፊደል ቢገባ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ አንድ እርምጃ ይዘገያል፤ ሁለት ሰው አንድ ደብዳቤ አንዱ ከሌላው አንዲት ፊደል ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያነብ ማለት ነው። አሁን ደህናውን እንቀንሰው።»

በእያንዳንዱ ድርብ ጉብታ ላይ ደህናው ጂን ሊኖረው የሚገባውን ፊደል እየሰረዘች ሄደች። ወረቀት አላየችም፤ ደህናውን በቃሏ ነው የምትለው። የተረፈውን ከሥር ጻፈች። መጀመሪያ ቲ መጣች። ከቲ ቀጥሎ የተረፉት ፊደሎች፣ አንድ በአንድ፣ ያው ደህናው ጽሑፍ ነበር፣ በአንዲት እርምጃ የዘገየ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንዲትም አልተዛነፈችም።

«ከወዲያኛው ጫፍም አስነብቤዋለሁ» አለች። «እሱም ከዚያ መጥቶ እዚችው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው የሚደበላለቀው።»

ኃላፊው ወረቀቱን ወስዶ እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ተሳሳተና እንደ ገና ጀመረ። ሲጨርስ፣ «ይኸንን ከየት ተማሩት?» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ከፊልም ነዋ» አለች።

ሐኪሟ ቤተሰቡን ስትጠራ ቆጣሪዋም እንድትገኝ ለመነቻት። «እትዬ፣ እኔ ውጤቱን እናገራለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ግን ያነበበው ሰው አጠገቤ ይሁን።» ጠባቧ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ አባትየው የአውቶቡስ ሹፌር መለዮውን እንደ ለበሰ፣ እናትየው ልብስ ሰፊዋ፣ የአባትየው እናትም ሦስተኛ ሆነው ተቀመጡ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ሆና የቆጣሪዋን የጫማ ማሠሪያ ትፈታለች። አሮጊቷ ገና ከመግባታቸው፣ «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለው ነበር፤ ሰፊዋም ሰባት ዓመት እንደ ሰማችው ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

ሐኪሟ አስረዳች። ከዚያ ሰፊዋ ወደ ሐኪሟ ሳይሆን ወደ ቆጣሪዋ ዞረች።

«እትዬ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ እስከ መጨረሻው ወር የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ፔዳሉን ስረግጥ ሆዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ይሆን?»

ይህቺ ሴት ይህንን ጥያቄ ስንት ሌሊት ተሸክማው እንዳደረች ፊቷ ይናገራል።

«ልጄ፣ በስፌት ፊደል አይገባም» አለቻት። «ጽሑፉ ሲገለበጥ አንዲት ፊደል ሾልካ ነው የገባችው። እንዲህ ያለ ስህተት በየሰዉ ላይ አለ፤ በኔም አለ፣ በሐኪሟም አለ። ብዙው ምንም በማይጎዳበት ቦታ ይወድቃል። የሷ የወደቀው ከሰው እስከ እርሾ ማንም ነክቶት በማያውቅ ቦታ ላይ ሆነ። ያንን ቦታ የመረጠ ሰው የለም። አንቺም አልመረጥሽም።»

«ታዲያ ከማን ወገን ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ከማንም ወገን አይደለም፣ እማማ። የሷንም የልጅዎንም አንብቤአለሁ። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው።»

«ራስዎ አንብበው?»

«ሁለት ሁለት ጊዜ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ተነሡና ወጡ። ሹፌሩ ሊከተላቸው ብድግ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው። እያለቀሰች ነበር፤ ግን የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፤ ትከሻዋ ብዙ ዘመን የተሸከመውን ነገር እንዳወረደ ሰው ወደ ታች ወርዶ ነበር። በሳምንቱ ለቆጣሪዋ ስልክ ደወለች። አማቷ ለሰባት ዓመት ረግጠው የማያውቁትን የእናቷን ቤት በር አንኳኩተው ገብተዋል። ምን እንደ ተባባሉ አልተነገራትም። ሁለቱ አሮጊቶች ግን ሲወጡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር።

ኃላፊውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ምክንያታቸው ሳይታወቅ መዝገባቸው የተዘጋ ከሦስት መቶ በላይ ሕፃናት የጂን ንባብ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱን እየከፈተ፣ ማንም የማያየውን፣ መሣሪያው ምልክት አድርጎ የሚያልፈውን ያንን ሰፈር ብቻ ፈለገ። አራት ሌሎች ልጆች ተገኙ። አራቱንም ቆጣሪዋ በእርሳስ አረጋገጠች። ያኔ የጡረታ ቀኗ አልፎ አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ነበር፤ ማንም አላስታወሳትም፣ እሷም አላስታወሰችም። ጽሑፉ ሲዘጋጅ ኃላፊው ስሟን መጀመሪያ ሊያደርግ ፈለገ። «ሐኪሟ ባታመጣው እኔ የት አገኘው ነበር?» ብላ እምቢ አለች፤ የሐኪሟ ስም ቀደመ፣ የሷ ተከተለ። ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ከመጋዘን አስወጥቶ በቦታው መልሶ የሰቀለውም እሱ ነው፣ ሳትጠይቀው።

መድኃኒት አልተገኘም። የልጅቷ ማንቀጥቀጥ ግን ሐኪሟ መድኃኒቱን ስትለውጥላት ቀነሰ። ምርመራ ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል መንከራተቱ ቀረ፤ በዚያ ጊዜ ፈንታ በሥዕል ካርድ መነጋገር የምታስተምር መምህርት ጋ ይወስዷት ጀመር። ውሃ ስትፈልግ የውሃውን ሥዕል ትሰጣለች። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አያቷን የሚያሳየውን ካርድ አንሥታ ለአያቷ እንደሰጠቻቸው ሰፊዋ ተናገረች።

አምስቱ ቤተሰቦች በየሦስት ወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ይገናኛሉ። ቆጣሪዋ ከመጀመሪያው ስብሰባ ስትመለስ ባሏን ምድጃውን አጥፍቶ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«መድኃኒት የለውም ነው ያልሽኝ?» አላት።

«ገና የለውም።»

«ታዲያ ሰዎቹ ምን አገኙ?»

ጫማዋን እያወለቀች አሰበችበት። «ስም አገኙ። እርስ በርስ ተገናኙ። እናቶቹም ተኙ።»

ጋጋሪው በዱቄት የነጣ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። «ትንሽ አይደለም» አለ።

«አይደለም» አለች።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ግቢው ትገባለች። ኃላፊው ጠይቋት ነው፤ ተማሪዎች ኮምፒውተሩን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ወር ሙሉ በእርሳስ እንዲያነቡ ታደርጋለች። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አንዱ ወይ አንዷ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «እዚህ ጋ ሁለት ናቸው» ሲል ትሰማለች፤ ያኔ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ትቀመጣለች።